ከድልድዩ ሥር የተነሱ ፎቶዎች

ታኅሣሥ 6

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? አክስቴስ፣ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ዝም በማለቴ እንደተቀየምከኝ ገብቶኛል። ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረው በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያፈጡብኛል። ስልክ ደውዬ እንዳልገላገል የጆሮህን ነገር ታውቀዋለህ። ባለፈው ደውዬ «ደህና ነኝ» ስልህ «ማን ሞተ?» ብለህ ጎረቤት ልትሰበስብ ነበር። በጽሑፍ ይሻለናል።

ካሜራዋ በደህና ደርሳለች። የአውቶቡሱ ሾፌር በካልሲህ እንደጠቀለልካት አስረከበኝ። የመንገዶች ቢሯችን ሰዎች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ይቺ የሳሙና ቁራጭ ምን ልታነሳ ነው?» አሉ። ስከፍታት ሌንሷ እየተሳበ ወጣ፤ እየተሳበ ወጣ፤ አላቆም አለ። ከወንዙ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ታርጋ አንብቤ ስነግራቸው ያን ጊዜ ሳቁን ተዉት። ሾፌራችን፣ ፈጣኑ የምንለው፣ (ፈጣኑ ያልነው በሕይወቱ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ስለማያውቅ ነው) «ሚስቴ ይህን ዓይነት ዓይን ቢኖራት አልቆልኝ ነበር» አለ።

ምን ላነሳባት እንደሆነ ጠይቀሃል። ወፍ ነው። አንተ ወደዚህ ስትመጣ የምትሻገረው ትልቁ ድልድይ ሥር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምሰሶ መሃል፣ ብረቱ ላይ ጎጆ የሠሩ ወፎች አሉ። ሰው ወደዚያ የሚያወጣው ክሬን ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው ጠጋ ብሎ ማየት አይቻልም። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ በሩቁ ማየት ብቻ ነው። ታዲያ ዙሙን እስከ መጨረሻው ስስበው ፎቶው ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፍልኝ። ለወፍ ይህን ያህል ምን ያስቸኩላል እንዳትለኝ፤ ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 12

ድንቡሼ ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። የአክስትሽ ጉልበት ሥራ ሲመጣ ያማል፣ ጎረቤት ሲጠራት ይድናል።

ፎቶ ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ ስለ ካሜራ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቺን ካሜራ የገዛኋት ለሠርግ ነበር። የሙሽሮቹ ዘመድ አላስጠጋ ሲለኝ ከአዳራሹ ጥግ ሆኜ ቀለበት ሲያጠልቁ አነሳባታለሁ። ጠባይዋን ስለማውቅ ስሚኝ።

መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ዲጂታል ዙም የሚለውን አጥፊው። እሱ ዙም አይደለም፤ ያነሳሽውን ቆርጦ እየለጠጠ ነው የሚያታልልሽ። እውነተኛው ሌንሱ ራሱ የሚሳበው ነው። አሸዋ ያልሽው ደግሞ አይ ኤስ ኦ የሚባለውን፣ ለብርሃን ያላትን ስሜት ማለት ነው፣ ለራሷ ስለተውሽላት ነው፤ ጨለም ሲልባት ትደነግጥና ትጨምረዋለች። ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ቆልፊው። ከዚያ በኋላ ብርሃን ስለሚያንሳት ቀስ ብላ ነው የምታነሳው፤ እጅሽ አይበቃትም፤ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ፈልጊ። ማቆሚያው ላይ ካስቀመጥሻት መንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፊው፤ ያለ ሥራ ሲቀመጥ እንደ አንዳንድ ሰው ራሱ ችግር ይፈጥራል። ቁልፉንም በጣትሽ ጫን አድርገሽ አትልቀቂው፤ ሁለት ሰከንድ ቆጥራ ራሷ እንድታነሳ አዘጋጂያትና እጅሽን አንሺ። ዙሙንም ጥግ ድረስ አትሳቢው፤ ትንሽ መለስ ሲል ይጠራል። ደግሞም በማለዳ ሂጂ። ፀሐይ ከበረታ ከገደሉ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ያን ጊዜ እኔም ብመጣ አላድንሽም።

ለወፏ ሲሆን ግን ተከታታይ ማንሻው ላይ አድርጊያት፤ ወፍ «ዝም በይ፣ አገጭሽን ቀና» ስትባል አትሰማም። ለመሆኑ ምን ዓይነት ወፍ ናት? ቀለሟስ? ከልጅነትሽ ጀምሮ ዶሮ እንኳ ስታይ የምትሸሺ ልጅ ነበርሽ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 20

አባዬ፣

እጅህን እስማለሁ። ሁሉንም እንዳልከው አደረግኩ። ማቆሚያውን ፈጣኑ ከቀያሾች ክፍል አምጥቶልኛል። ዛሬ ጠዋት ያነሳኋት ፎቶ እንዴት ጠራች መሰለህ! በብረቱ ላይ ያለው የቀለም እብጠት ሳይቀር ይቆጠራል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የወፏን ስም አላውቀውም። ግራጫ ናት፤ ጠርዟ ላይ የዛገ ዓይነት ቀለም አላት።

በቀደሙት ደብዳቤዎችህ በጥር ልምጣ ወይ ላልከው፣ አባዬ፣ ለአሁኑ ባይሆን። አከራዬ ቤቱን ቀለም ልታስቀባ ነው፤ ክፍሌም ጠባብ ነው፤ አንተ ደግሞ ስትተኛ ዘርጋ ማለት ትወዳለህ። እንዳይከፋህ። ናፍቀኸኛል፤ ግን ለአሁኑ ባይሆን።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንድ ነገር ሳትጠጋው፣ ሜትር ሳትዘረጋበት፣ ከፎቶ ብቻ መጠኑን ማወቅ ይቻላል? ማለቴ ጎጆው በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሰፋ ማወቅ ብፈልግ። አየሁት ስል «ዓይንሽ ነው» ይሉኛል። ቢሮ ተቀምጬ የአውቶቡስ ጥሩምባ ከሰማሁ ሥራ አልሠራም፤ ማዶ መድረሱን በመስኮት አይቼ ነው የምመለሰው። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ልጅህ


ጥር 1

ድንቡሼ፣

ስለ ክፍልሽ ጥበት የጻፍሽው ደረሰኝ። አክስትሽ «ባል አግኝታ ይሆናል፣ ተዋት» አለችኝ። ካገኘሽም ደግ። ካላገኘሽ ግን ወለል ላይ እተኛለሁ ያልኩሽ ሰው ነኝና ምክንያቱ አልተዋጠልኝም። ይኸው ተናገርኩ፤ አለቀ።

ወደ ጥያቄሽ። ይቻላል። ብረት ላይ ነው ካልሽ ብሎን አይጠፋበትም። የብሎኑ ራስ አይወፍር፣ አይከሳ። የድልድዩ ንድፍ ካለበት ከሥዕል ቤታችሁ መጠኑን ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ሜትርሽ ነው። ፎቶው ላይ ጎጆው የስንት ብሎን ራስ ርዝመት እንዳለው ለኪ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ለኪ። ግን ሁለቱ ፎቶዎች ከአንድ ቦታ መነሳት አለባቸው። የማቆሚያው ሦስት እግሮች የሚያርፉበትን ድንጋይ በቀለም ምልክት አድርጊበት፤ ሰዓቱም ያው፣ የዙሙም ቁጥር ያው ይሁን። የመታወቂያ ፎቶ ሳነሳ ሠላሳ ዓመት ወንበሬን ያላነቃነቅኩት ለዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ በተለያየ ቀን ነው የሚመጣው፣ ወንበሩ ግን አንድ ነው።

ጎጆ የሚለካ ሰው ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንቺን ነው።

አባትሽ


ጥር 11

አባዬ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ። ባልም የለም፣ ምንም የለም። ስለ መምጣትህ የጻፍኩትን ከመላኬ በፊት ራሴ አንብቤው ቢሆን ኖሮ እቀድደው ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ተቸግሬ ነው። ካሜራዋን ለቢሮ ሥራም ተጠቅሜባት ነበር። አምስት ሳምንት ያነሳሁትን አሳትሜ፣ በብሎኑ ለክቼ፣ ሰንጠረዥ ሠርቼ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። አገላብጦ አየና ጥግ ላይ ያለውን ቀን አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፎቶዎች ላይ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቀን ታትሟል! ሦስተኛው ላይ የዘንድሮ፤ አራተኛው ላይ ደግሞ ተመልሶ የድሮው። ለካ ባትሪው ሲያልቅ ቀኑ ይጠፋባታል፤ እኔ አላየሁትም። «የትኛው ቀድሞ እንደተነሳ ሳይታወቅ አደገ ብለሽ ልትነግሪኝ ነው?» አለኝ። በገዛ እጄ ያነሳሁትን ፎቶ የትናንቱን ከዛሬው መለየት ያቃተኝ ሌባ መሰልኩ።

የተነሱበትን ተራ ማረጋገጫ መንገድ አለ? ካለ ንገረኝ። ከሌለም ንገረኝ።

ሁለት ፎቶ አብሬ ልኬልሃለሁ። የትኛው ይጠራል? ጥራታቸውን ብቻ እይልኝ።

ልጅህ


ጥር 18

ልጄ፣

ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን አስተካክዬላት አላውቅም፤ ሙሽሮቹ መቼ እንደተጋቡ ራሳቸው ያውቁታል ብዬ። ውስጧ ያለችው የሰዓት ባትሪ አርጅታለች ማለት ነው።

መንገድ ግን አለ። ካሜራዋ ለእያንዳንዱ ፎቶ ተራ ቁጥር ትሰጣለች። ቀኑ ቢጠፋም ቁጥሩ አይጠፋም፤ ካርዱ ላይ ፎቶው እስካለ ድረስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የፎቶዎቹን ስም ኮምፒውተር ላይ ክፈቺ፤ መጨረሻው ላይ አራት አኃዝ ታያለሽ። ትንሹ የቀደመው ነው። ለኃላፊሽ የታተመውን ሳይሆን ካርዱን ራሱን ስጪው። ከእንግዲህ ደግሞ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የዕለቱን ጋዜጣ የፊት ገጽ አንድ ጊዜ አንሺ፤ የነገን ጋዜጣ ዛሬ ማንሳት የቻለ ሰው የለም።

የላክሽልኝን ሁለቱን ፎቶዎች በማጉያ መነጽሬ አየኋቸው። ከሰዓቱን ሙሉ መስኮት ዳር ተቀምጬ አየኋቸው። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። ጥሩ አድርገሽ ነው ያነሳሽው።

ስለ ወፏ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይህን ለማን ነግረሻል?

አባትሽ


ጥር 25

አባዬ፣

ቁጥሮቹን አገኘኋቸው። አንዱም አልተዛነፈም። ካርዱን ለኃላፊዬ ሰጠሁት፤ እሱም አይቶ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ።

ለማን ነገርሽ ላልከው፣ ለእሱ ነው፤ ሦስት ጊዜ። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። «ስንጥቅ ነው ወይስ የተላጠ ቀለም ነው? በእጅሽ ነክተሽዋል?» አለኝ። አልነካሁትም። «ዝጊ ብዬሽ ዘግተሽ ቀለም ሆኖ ቢገኝስ? ማዶ ሆስፒታል የለም። ዙሪያ መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ምጥ የያዛት ሴት ሁለት ቀን ትጠብቃለች?» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስነግረው ለዋናው ቢሮ ጽፏል። መልስ ከጠበቅን ሦስት ሳምንታችን ነው። እስከዚያ ከቢሮ እንዳይወጣ፣ ሕዝብ እንዳይሸበር ብለው አስፈርመውኛል። እኔም ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ቅደደው።

ስለ ወፏ ዋሽቼሃለሁ። ወፍ የለም።

ጠዋት ከሥራ በፊት ወርጄ አነሳለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሜ እወርዳለሁ፤ ምንም አዲስ ነገር እንደማላይ እያወቅሁ። ስንጥቁ ከመጀመሪያው ብሎን ተነስቶ ሁለተኛው ደርሶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን አልፏል። ላዩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ከታች ሆኜ ሳያቸው እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፤ እኔም አወዛውዝላቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

እባክህ፣ እኔ ና እስክልህ አትምጣ።

ልጅህ


ጥር 30

ልጄ፣

ሐሙስ እመጣለሁ። ቲኬት ቆርጫለሁ። አውቶቡሱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ድልድዩ ላይ እንደርሳለን።

ና እስክልህ ብለሻል፤ አንብቤዋለሁ። ሽማግሌ አባት ግብዣ አይጠብቅም። ይህን ደብዳቤ ረቡዕ ከሚመጣው መኪና ጋር ልኬዋለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ይደርስሻል።

አባትሽ


የካቲት 4

አባዬ፣

ቤትህ በደህና መኖርህን አክስቴ በስልክ ነግራኛለች። «ሻይ እየጠጣ ነው» አለችኝ። ሻይ! እኔ እዚህ ሳለቅስ አንተ ሻይ! አውቶቡሱ አምልጦህ ይሁን፣ አሞህ ይሁን አልጠየቅኳትም፤ እንደዚያ ስትለኝ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

የሆነውን ከሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው።

ደብዳቤህ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ወዲያው ለአክስቴ ደወልኩ። «ቦርሳውን አንጠልጥሎ ማለዳ ወጥቷል» አለችኝ። ኃላፊዬ ጋ ሮጥኩ። «ዛሬ ከሰዓት መልስ ይመጣል፣ እስከ ከሰዓት ታገሺ» አለኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ አባቴ ይሻገራል» አልኩት። አልከለከለኝም፣ አልፈቀደልኝም። ወጣሁ።

ፈጣኑን ግቢ ውስጥ አገኘሁት። «መኪናውን ድልድዩ አፍ ላይ አጋድመህ አቁምልኝ» አልኩት። «ማን አዘዘ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ትንሽ አሰበና «የወዲያ ማዶውንስ ማን ይዘጋዋል?» አለ። እሱን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ቀይ በርሜሎቹን ከመጋዘን አውጥቼ በኛ በኩል ልደረድር፣ እሱ ደግሞ መኪናውን ይዞ ተሻግሮ ማዶውን ሊዘጋ ተስማማን። ስንጥቁን ነገርኩት፤ የት እንደሆነም አሳየሁት። «ቀስ ብዬ ነው የማልፈው፤ ለኔ ይህ አዲስ ነገር አይደለም» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። አባዬ፣ ያን ሰው ስስቅበት የኖርኩበትን ጊዜ ሁሉ አፈርኩበት። እስኪሻገር ድረስ ዓይኔን ከመኪናው አልነቀልኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አውቶቡሱ ማዶ መጥቶ ከፈጣኑ መኪና ኋላ ቆመ። ካሜራዋን ማቆሚያው ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ሳብኳት፤ መለስ አድርጊው ያልከውን ረሳሁት። ከመጀመሪያው መስኮት ጀመርኩ። ጥርሱን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉር ወፍራም ሰውዬ። ቀጥሎ የልጇን ፀጉር የምትጎነጉን ሴት፤ ማበጠሪያውን በአፏ ይዛለች። ቀጥሎ አንተን የሚመስል ሽማግሌ፤ ዞር ሲል አንተ አይደለህም። ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ መስታወት ይዟል፤ እንዳይሰበር በሁለት እጁ አቅፎታል። ሁሉንም አየሁ። አርባ ምናምን ሰው ነበር። አንተ የለህም። ከዚያ ወርደህ ይሆናል ብዬ የወረዱትን ፈለግሁ። የለህም።

ከዚያ በኋላ መኪና ተሰበሰበ፣ ጥሩምባ፣ ስድብ። አንዱ «የማን ልጅ ናት መንገድ የምትዘጋው?» እያለ ይጮህ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብነግረው ደስ ባለኝ!

ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበውን ልንገርህ፤ ለሌላ ለማንም አልነግርም። ሁለት ወር ሙሉ አውቄው ቆይቻለሁ። በየቀኑ አራት አውቶቡስ ያልፋል። በእያንዳንዱ መስኮት የሆነ ሰው አባት ተቀምጧል። ለእነሱ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ለእነሱ ደብዳቤ ጠበቅሁ፤ ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። ላንተ ሲሆን ግን ሦስት ሰዓት አልፈጀብኝም። መስታወቱን ያቀፈው ሰውዬ ከፊቴ አልጠፋ ብሎኛል። ረቡዕ ዕለት ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ዞር ብዬም አላየውም ነበር።

ለምንድን ነው ያልመጣኸው?

ልጅህ


የካቲት 19

ልጄ፣

ደብዳቤሽ በዙሪያ መንገድ ዞሮ ስለመጣ ዘግይቶ ደረሰኝ። ከደረሰኝም በኋላ አራት ቀን ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አንቺን የምፈራሽ።

አውቶቡሱ አላመለጠኝም። አላመመኝም። ቲኬት አልቆረጥኩም።

የላክሽልኝን ፎቶ ባየሁ ጊዜ ነው ያወቅሁት። የተላጠ ቀለም ጠርዙ ይቆለመማል፣ ጥላ ይጥላል፤ ያቺ መስመር ጥላ የላትም፤ ወደ ውስጥ ነው የጠቆረችው። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ላይ ጭረትና ጠባሳ ስለይ ኖሬያለሁ። ከዚያ ጥር 25 የጻፍሽው መጣ። ዝጊው ብዬ ብጽፍልሽ ምን እንደምትመልሺ አወቅሁ፤ «ኃላፊዬ፣ ዋናው ቢሮ፣ ፊርማዬ» ትይኝ ነበር። እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ፤ ሰው ካልገፋኝ በር አልከፍትም። ስለዚህ እኔው ልግፋሽ አልኩ። ሐሙስ ማለዳ አክስትሽ እንድታየኝ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ብትደውዪ እውነቷን እንድትናገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሳስበው ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ግን መናኸሪያ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አውቶቡሱ ሲሞላ ቆሜ አየሁ። ያልሻትን ሴት አይቻታለሁ፤ ልጇን በብብቷ ይዛ ነው የወጣችው። መስታወት የያዘውን ሰውዬ ደግሞ እኔ ነኝ መስታወቱን ተቀብዬ ያሳፈርኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ከንፈሩን አይቼ ነው የገባኝ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ይሄዳሉ?» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ዛሬ ድልድዩን አትሻገር» ማለት ምን ያህል ቃል ነው? ሦስት ቃል። ብናገር ደግሞ አንቺ የፈረምሽው ይወጣል፣ ልጄ ትታሰራለች አልኩ። ደግሞም አንቺ እንደምትዘጊው አምኛለሁ አልኩ። «ዛሬስ አልሄድም» አልኩት። መስኮቱን ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሰባት ሰዓት መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። መንገዱ መዘጋቱን ቲኬት ሻጩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አየሁና ተነሳሁ። አንድ ተሸካሚ ደግፎ ቤት አደረሰኝ። አክስትሽ ሻይ ስትሰጠኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጎንበስ ብዬ ነው የጠጣሁት።

አንቺ ሁለት ወር ዝም አልሽ፤ እኔ ከሁለት ሳምንት በላይ። የአንቺ ግን በሩቁ ነው፤ እኔ ሰውየውን በእጄ አሳፍሬዋለሁ። ልጄን አምኜ ነው ብዬ ራሴን አባብላለሁ። ግን ደብዳቤው ቢዘገይስ ኖሮ? የረቡዑ መኪና ቢበላሽስ ኖሮ? እነዚህን ነገሮች ያሰብኳቸው አውቶቡሱ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ብቻ እወቂው።

አባትሽ


ሚያዝያ 2

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ሳምንት አልጻፍኩልህም። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ሆን ብዬ ነው።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ጊዜ ብጽፍልህ ኖሮ ልትረሳው የማትችለው ቃል ይወጣኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም፤ ግን አሁን ብዕር ያስይዘኛል።

ስለ ሥራዬ የጠየቅኸውን አክስቴ በስልክ ነግራኛለች። ወር ሙሉ ከሥራ ታግጄ ነበር። ከዋናው ቢሮ አጣሪ ሰዎች መጡ፤ ክሬንም አብሯቸው መጣ። ብረቱን የለበጠውን ላሜራ ሲከፍቱት ስንጥቁ በውስጥ በኩል እኛ ከምናየው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። «መቼ ይሰበር ነበር?» ብዬ አንዱን ጠየቅሁት። «ምናልባት በሁለት ሳምንት፣ ምናልባት በሁለት ዓመት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም» አለኝ። እንደዚያ ባይለኝ እመርጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ቢለኝ አለቅሳለሁ፤ ሁለት ዓመት ቢለኝ እሰደባለሁ፤ አሁን ግን ምን እንደምሆን አላውቅም።

ድልድዩ ለስድስት ወር ተዘግቷል። ገበያ ስሄድ ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ማዶ ያሉ ሰዎች ሕመምተኛ በጀልባ እያሻገሩ ነው፤ ሦስቱ በደህና ተሻግረዋል፤ አንዲት አሮጊት ግን ጀልባው ሳይመጣ አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ኃላፊዬም መጥቶ ነበር። አጠገቤ ቆመ።

እሱ አልዋሸብኝም። «ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፤ ያልዘጋሁት እኔ ነኝ» ብሎ አጣሪዎቹ ፊት መሰከረ። እሱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረውታል፤ እኔን ወደ ሥራዬ መልሰውኛል። ፈጣኑ ያለ ፈቃድ መኪና በማንቀሳቀስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጥቶታል፤ «ፈጣን መሆኔ በመዝገብ ተረጋገጠ» እያለ ለሁሉም ያሳያል።

አጣሪዎቹ እኔንም አስቀምጠው ጠየቁኝ። «ሁለት ወር ጠብቀሽ ያን ቀን ለምን ዘጋሽው? ያን ቀን ምን አዲስ ነገር አየሽ?» አሉኝ። አዲስ ነገር አለመኖሩን ነገርኳቸው። «አባቴ አውቶቡሱ ላይ ያለ መስሎኝ ነው» አልኳቸው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ «እንዲሁ ልጻፈው?» አለችኝ። «እንዲሁ ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው። ፈረምኩበት። ይህኛውን ፊርማዬን አልጸጸትበትም።

ስለ አንተ መናኸሪያ መሄድ ግን አልተናገርኩም። ሳይጠይቁኝ ቀርተው አይደለም፤ «አባትሽ ለምን አልተሳፈሩም?» ብለውኛል። «እሱን ራሱን ጠይቁት» አልኳቸው። እኔ የራሴን ተናግሬያለሁ፤ ያንተን ልሸከምልህ አልችልም፤ ልሸከምልህም አልፈልግም። ከመጡ አንተው ንገራቸው። ካልመጡም ለመስታወቱ ባለቤት ንገረው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመላለስ ነበር፤ መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሱቁ እናንተ ዘንድ ካለው መናኸሪያ ጀርባ መሆኑን ፈጣኑ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጠይቆ ነግሮኛል። እኔ ስልክ ደውዬ አነጋግሬዋለሁ። «ልጄ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን» ብቻ ብሎ ዘጋው። ከተቆጣኝ ይልቅ ያ ነው የከበደኝ።

ልምጣ ወይ ብለህ በአክስቴ በኩል ልከሃል። መጀመሪያ ሱቁ ሂድ። ከዚያ ና። በዙሪያ መንገድ ሁለት ቀን ነው፤ መንገዱ አቧራ አለው፤ አንገትህን ሸፍን። ክፍሌ ጠባብ ነው፤ ይህን ያህሉን እውነቴን ነበር። አልጋውን ለአንተ እለቃለሁ፤ ወለሉ ላይ እኔ እተኛለሁ። ምን እንደምንነጋገር አላውቅም። ምናልባት መጀመሪያ ቀን እንጣላለን። እንጣላ፤ ከደብዳቤ ይሻላል።

ቲኬቱን ስትቆርጥ ግን ከምትልከው ደብዳቤ ጋር አድርገህ ላክልኝ፤ አይቼ እመልስልሃለሁ። በዓይኔ ሳላየው አላምንህም።

ልጅህ